በፎቶ መቀለድ፣ በፎቶ አለመታለል



ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍላችን አጠገብ ያለፈ ሰው ሳቅ ሰምቶ ይሆናል። ሳቁ የሚመጣው ከፎቶ ክበባችን ነው። ተማሪዎቹ አንድ ተራ ፎቶ ይሰጣቸውና እንዳሻቸው ይቀይሩታል። አባ ኮዳ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሒሳብ ያስተምራል። ፍየል መነጽር አድርጋ ጋዜጣ ታነባለች። ቦኖው በውሃ ፋንታ ሻይ ያወርዳል፣ ሰልፈኛውም ጀሪካኑን ትቶ ሲኒ ይዞ ይጠብቃል።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ታዲያ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና፣ «መምህር፣ ልጆቻችንን የላክነው እንዲማሩ ነው። እናንተ ውሸት መሥራት ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያን ዕለት ሰዓቱም ስላልበቃ፣ እኛም ስላልተዘጋጀንበት በደንብ አልመለስንላቸውም። ስለዚህ መልሳችንን በዚህ እትም እናቀርባለን። ጨዋታው ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚጠቅምና አደጋው የት ላይ እንደሆነ በተራ በተራ እንመለከታለን።

ጨዋታው ከየት መጣ?

በፎቶ ማታለል ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ አገር፣ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር ሁለት ዘመዳሞች ልጃገረዶች ክንፍ ያላቸው ትናንሽ የተረት ፍጡራንን ወረቀት ላይ ሳሉ። ሥዕሉን በመቀስ ቆርጠው፣ በባርኔጣ መርፌ ሣር ላይ አቁመው ፎቶ ተነሡ። ለቤተሰብ ቀልድ ነበር። ፎቶው ግን ከእጃቸው ወጣ፤ የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር እውነት ነው ብለው ተከራከሩለት። ልጃገረዶቹ አርጅተው፣ ነገሩ የወረቀት ሥራ እንደነበር የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስድሳ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ቀልዱን የሚያምን ሰው ሲበዛ «ቀልድ ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ማየት እንችላለን።

በኮምፒውተር ወደሚሠራው ስንመጣ፣ በጣም የታወቀው ፕሮግራም ፎቶሾፕ ነው። ቶማስ ኖል የተባለ አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 መሥራት ጀመረ፣ ወንድሙ ጆን አገዘው፣ አዶቢ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አቀረበው። ፎቶሾፕ ዋጋው ውድ ነው። ለእኛ የሚሆነን ጂምፕ የሚባለው ነው። እሱንም የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ በነፃ ለቀቁት። ዛሬም ነፃ ነው። አንዴ በፍላሽ ካመጣችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ሰዎች ፎቶ በመቀየር እርስ በርስ መወዳደር ጀመሩ። ከታወቁት የውድድር ቦታዎች አንዱ ወርዝ1000 ይባል ነበር። ስሙ «አንድ ሥዕል ሺህ ቃል ያህል ይናገራል» ከሚለው አባባል የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፍቶ፣ ውድድሩ እስከ 2013 ድረስ ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ርእስ ይሰጣል፤ ለምሳሌ «ሁለት እንስሳትን አንድ አድርጉ» ይባላል። ሁሉም የየራሱን ሠርቶ ያቀርባል፣ ሌሎቹ ድምፅ ይሰጣሉ፣ አሸናፊው ይለያል። ከተወዳዳሪዎቹ አብዛኞቹ የሚሠሩት ለደስታ ነበር። የአንዱን ሥራ ሌላው አይቶ «ጥላውን እንዴት አመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የተጠየቀውም ያስረዳል። እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ሰዎች ሙያውን ያለ አስተማሪ ተማሩ።

የግዙፉ ሰው አፅም

ከነዚህ ውድድሮች የወጣ አንድ ፎቶ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ይመስለናል። ተቆፍሮ የወጣ የሰው አፅም ነው፤ የራስ ቅሉ ብቻ አጠገቡ ካለው ቆፋሪ ሰው ይበልጣል። እኛም ስልካችን ላይ ደርሶናል፣ አንዳንዶቻችንም «አቤት የጥንት ሰው!» ብለን ለጓደኛ አስተላልፈናል። አንደብቃችሁም፣ መምህራንም ነበርንበት።

እውነቱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ቦታ ተመራማሪዎች የማስቶዶን አፅም ቆፍረው አወጡ። ማስቶዶን ከምድር ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመት የሆነው የዝሆን ዘመድ ነው። የዚያ ቁፋሮ ፎቶ ከላይ የተነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ወርዝ1000 «የቁፋሮ ጉድ» ዓይነት ርእስ ሲሰጥ፣ አይረን ካይት በሚል የብዕር ስም የሚወዳደር አንድ ካናዳዊ ይህን ፎቶ ወሰደና የሰው አፅም ጨመረበት። ውድድሩ ላይ ያየው ሁሉ ቀልድ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሦስተኛ ወጣ፣ ነገሩም በዚያ አለቀ።

ግን አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፎቶው «በሳውዲ አረቢያ በረሃ የነዳጅ ፈላጊዎች ያገኙት የጥንት ግዙፍ ሰው» ተብሎ በኢሜይል መሰራጨት ጀመረ። አንድ የባንግላዴሽ ጋዜጣ እውነት ብሎ አተመው። ሌላው ቦታ «ሕንድ አገር ተገኘ» ተባለ። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ሂንዱውም በየራሱ መጽሐፍ ውስጥ ስላሉት ግዙፋን ማስረጃ አድርጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2007 ናሽናል ጂኦግራፊክ ጉዳዩን አጣርቶ የውድድር ፎቶ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ፎቶው መዞሩን አላቆመም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ነገር አለ። አይረን ካይት አልዋሸም። ፎቶውን ያቀረበው «ይህ የቀልድ ውድድር ነው» የሚል ሰሌዳ በተለጠፈበት ቤት ውስጥ ነው። ውሸቱ የተጀመረው አንድ ሰው ፎቶውን ከዚያ ቤት አውጥቶ፣ ሰሌዳውን ትቶ፣ ሌላ ታሪክ የጻፈበት ጊዜ ነው። ፎቶው ያው ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ የተጻፈው ነው። ውሸቱ ደግሞ እንዲህ የሠመረው አብዛኛው እውነት ስለሆነ ነው። ጉድጓዱ እውነት ነው፣ ሰዎቹ እውነት ናቸው፣ አፈሩም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ።

እንዴት ይሠራል?

ሙያው ከባድ አይደለም። መሠረቱ ሌየር የሚባለው ነገር ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አስቡ። አንድ ላስቲክ ላይ ጥቁር ሰሌዳው አለ። ሌላ ላስቲክ ላይ አባ ኮዳው ብቻ አለ፤ የቀረው ባዶ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ብትደርቡት አባ ኮዳው ሰሌዳው ፊት የቆመ ይመስላል። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱን ላስቲክ ስታንቀሳቅሱ ሌላው አይነካም፣ ስለዚህ ብትሳሳቱም መመለስ ይቻላል።

መደረብማ ሁሉም ይችላል። የሚያስቸግረው ማስመሰሉ ነው። ጀማሪ ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ የሚሳሳቱባቸው አምስት ቦታዎች አሉ፦

1. ብርሃንና ጥላ። ሰሌዳው ላይ ብርሃኑ ከግራ እየመጣ አባ ኮዳው ላይ ከቀኝ ከመጣ ዓይን ወዲያው ይጠራጠራል። ጥላ የሌለው እግር ደግሞ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

2. መጠን። ቅርብ ያለ ነገር ትልቅ፣ ሩቅ ያለው ትንሽ ነው። ፍየሏ ከበስተኋላ ሆና ከፊት ካለው ወንበር ከበለጠች ችግር አለ።

3. ጠርዝ። ነገሩ ሲቆረጥ ዙሪያውን የቀድሞው ቦታ ቀለም እንደ ነጭ ክር ተጣብቆ ይቀራል። ፀጉርና ላባ ላይ ይህ ይበዛል።

4. ጥራት። አንዱ በአሮጌ ስልክ፣ ሌላው በጥሩ ካሜራ የተነሣ ከሆነ አንዱ ይደበዝዛል፣ ሌላው ይጠራል። እዚያው አንድ ቦታ ላይ ሆነው አይመሳሰሉም።

5. ድግግሞሽ። የማይፈለግ ነገር ሲጠፋ ቦታው የሚሸፈነው ከጎኑ ባለው አፈር ወይም ሣር ቅጂ ነው። አተኩሮ ያየ ሰው ያው ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ መደገሙን ይደርስበታል።

አሁን ይህን ዝርዝር እንደገና አንብቡት። የሚሠራው ሰው የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች፣ የሚመረምረው ሰው ከሚፈልጋቸው ነገሮች ጋር አንድ ናቸው። የክበባችን ምስጢር ይኸው ነው። ጥላ ለማስተካከል አንድ ሰዓት የለፋ ልጅ ከዚያ ወዲያ ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ጥላውን ነው። ለዚያ አባት የምንሰጠው መልስም ከዚህ ይጀምራል።

የስፌት መኪናዋ ነገር

መልሱን የሚያሟላው እዚሁ ካምፓችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት የአንድ ማስታወቂያ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ጀመር። ማስታወቂያው ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። ለሦስተኛ አገር ሰፈራ አዲስ ምዝገባ እንደተከፈተና በሦስት ቀን ውስጥ ለ«ፎርም ማስፈጸሚያ» ገንዘብ ወደ አንድ ስልክ ቁጥር መላክ እንዳለበት ይናገራል። ስንት ዓመት ሲጠበቅ የኖረ ነገር ስለሆነ ማን ይጠራጠራል? ሰው ያለውን መሸጥ ጀመረ።

ከክበባችን ሁለት ተማሪዎች ፎቶውን አሳድገው አዩት። ማህተሙ ዙሪያ ነጭ ክር ነበር። ቀኑ የተጻፈበት ቁጥር ከሌላው ጽሑፍ ይጠቁራል፣ ቁመቱም ትንሽ ይበልጣል። ወረቀቱ ሲታጠፍ የተፈጠረው መስመር ሁሉንም ጽሑፍ ሲያቋርጥ ቀኑንና ስልክ ቁጥሩን ግን አያቋርጥም። «ቲቸር፣ ይሄ ሌየር ነው» አሉን። ፎቶውን ይዘን የሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ማስታወቂያው ድሮ የወጣ የሌላ ጉዳይ ማስታወቂያ መሆኑና ቀኑም፣ ጉዳዩም፣ ስልክ ቁጥሩም መቀየሩ እዚያው ታወቀ። በማግስቱ በየብሎኩ በድምፅ ማጉያ ተነገረ።

ብዙዎች ተረፉ። አንዲት የአራት ልጆች እናት ግን አልተረፉም። የሚተዳደሩበትን የስፌት መኪና አንድ ቀን ቀድመው ሸጠው ገንዘቡን ልከው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ አልጠፉም፣ ግን በእሳቸው ቦታ ብንሆን እኛስ ምን እናደርግ ነበር? ገንዘቡ አልተመለሰም፣ መኪናውም አልተመለሰ። ዛሬም በእጃቸው ነው የሚሰፉት።

እንግዲህ ለተከበሩት አባት መልሳችን ይህ ነው። ውሸት መሥራት የሚያውቁ ሰዎች ቀድሞም አሉ፣ የኛን ትምህርት አይጠብቁም። እኛ የምናስተምረው ቀልዱን «ቀልድ ነው» ብሎ መሥራትን ነው፤ በዚያውም የሌላውን ውሸት ለይቶ ማወቅን። አንድ ቀን ቀደም ብለን አስተምረን ቢሆን ኖሮ እያልን እንቆጫለን።

ዓይን ብቻ አይበቃም

አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። እነዚያ አምስት ነጥቦች ጥሩ ባለሙያ የሠራውን አያጋልጡም። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም በኤአይ፣ ቃል ብቻ በመጻፍ ፎቶ የሚመስል ምስል ይሠራል። ጥላውም፣ ጠርዙም የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን ካየን በኋላ ስለ ፎቶው መጠየቅ አለብን።

መጀመሪያ የወጣው የት ነው? ማን ነው ያወጣው? መቼ? የግዙፉን አፅም ውሸት ያጋለጠው ዋናው ነገር ቀኑ ነው። በ2004 «ተገኘ» የተባለው አፅም በ2002 ውድድር ላይ ቀርቦ ነበር። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ በሚባሉት ፎቶውን አስገብቶ ቀድሞ የት እንደወጣ መፈለግ ይቻላል። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ እግር አለ፤ ማስታወቂያው ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል ወይ ብሎ ሄዶ ማየት ነው። ተለጥፎ ካልተገኘና ገንዘብ ላኩ የሚል ከሆነ፣ ቢሮውን ሳይጠይቁ አንድ ሳንቲም አለመላክ።

በየትምህርት ቤታችሁ እንዴት ትጀምራላችሁ?

ሠላሳ ኮምፒውተር አያስፈልግም። እኛ የጀመርነው በሦስት ነው፣ አንዱም ሶላሩ ሲደክም ይጠፋ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ ይበቃል። አንዱ ማውስ ይይዛል፣ ሌሎቹ ሐሳብ ያመጣሉ፤ በየአሥር ደቂቃው ይቀያየራሉ። አለበለዚያ ማውሱ አንድ ጎበዝ ወንድ ልጅ እጅ ውስጥ ይቀራል፤ ሴቶቹም ተመልካች ይሆናሉ። ይህን በራሳችን ክፍል አይተነዋል።

መምህሩ ወይም መምህርቷ አንድ ቀላል ፎቶ ይመርጣሉ፤ ጫማ፣ ጋሪ፣ የውሃ ታንከር። ለሁሉም ቡድን ያው ፎቶ ይሰጣል፣ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ከዚያ ሥራዎቹ በየተራ ይታያሉ። ሁለት ነጥብ ይሰጣል፦ አንዱ ለሐሳቡ፣ አንዱ ለአሠራሩ። ሦስተኛው ነጥብ ግን ትልቁ ነው። አንዱ ቡድን የሌላውን ሥራ መርምሮ የተቀየረበትን ቦታ በምክንያት ማሳየት አለበት።

ኮምፒውተር የሌላችሁም አትቅሩ። የኮቲንግሊ ልጆች መቀስና ወረቀት ነበር ያላቸው። ከአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ሥዕል ቁረጡ፣ ለጥፉ፣ ጥላውን በእርሳስ አጥቁሩ። ትምህርቱ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ደንብ አውጡ። የኛዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• የሰው ፊት ያለ ፈቃዱ አይነካም። በተለይ የሴት ተማሪዎች ፎቶ። «ለቀልድ ነው» የሚል ሰበብ አንቀበልም፤ በአንድ ፎቶ ምክንያት ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ቀልዱን አታውቀውም።

• የራሽን ካርድ፣ መታወቂያ፣ ሰርተፍኬት፣ ማህተምና ፊርማ በጭራሽ አይቀየርም። እሱ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ነው፤ መዘዙም ለቤተሰብ ሁሉ ይተርፋል።

• የማንም ብሔር፣ አገርና ሃይማኖት መሳለቂያ አይሆንም።

• የተቀየረው ፎቶ ከዋናው ጋር አብሮ ይቀመጣል። ፎቶው ራሱ ላይ፣ በቀላሉ በማይቆረጥ ቦታ፣ «የተቀናበረ» ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ ብቻ ከተጻፈ የሚሆነውን በግዙፉ አፅም አይተናል።

የዚህ እትም ፈተና

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል ይባላልና፣ እናንተም ግቡበት። የዚህ እትም ፎቶ ሁላችንም ቤት ያለው ቢጫ ጀሪካን ነው። ራሳችሁ ፎቶ አንሡት፣ ወይም ሣሉት፣ ከዚያ ያልሆነውን አድርጉት። መኪና ይሁን፣ ቤት ይሁን፣ ሙሽራ ይሁን፣ የናንተ ፈንታ ነው። በኮምፒውተርም በመቀስም የተሠራ እንቀበላለን። ዋናውንና የተቀየረውን አንድ ላይ አድርጋችሁ በየትምህርት ቤታችሁ ለሚገኘው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ስጡ። የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

አደራ፣ «የተቀናበረ» የሚለውን መጻፍ አትርሱ። በስብሰባው የጠየቁን አባትም ልጃቸው የምትሠራውን ጀሪካን እንዲያዩልን ዓርብ ክፍላችን ጋብዘናቸዋል።

ቸር ያገናኘን።